የእትዬ መርፌ አራት አንሶላዎች

እትዬ መርፌ ቢሮዬ በገቡ ቀን፣ ገና ወንበር ሳይስቡ፣ «አራቱንም ወስጃለሁ» አሉኝ። ከዚያ ተቀመጡና ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው «ግን አልሰረቅኩም» ብለው ጨመሩ።

ብዕሬን አስቀመጥኩ። የመንግሥት ተከላካይ ጠበቃ ነኝ፤ ጠበቃ ለማቆም አቅም ለሌለው ተከሳሽ ፍርድ ቤት እኔን ያቆምለታል። ያኔ በሥራው ላይ ስድስተኛ ዓመቴ ነበር፤ ስድስት ዓመት ሙሉ «እጄም አልነካው» ሲሉኝ ኖረው ጆሮዬ ደንዝዟል። ሰው ሐኪም ፊት ሲቀርብ የሚያመውን ይናገራል፤ እኔ ፊት ሲቀርብ ግን ማንንም ምንም አያመውም። እና «ወስጃለሁ» የሚል ደንበኛ ሲገኝ ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ እውነቱን ልናገር፣ ተናደድኩ። ገና ሳልጀምር ሥራዬን ያበላሹብኝ መሰለኝ።

አምሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። አጠር ቀጠን ያሉ፣ ሲያወሩ እጃቸው የማያርፍ ሴት ናቸው፤ እኔ የክስ ወረቀቱን ሳነብ እሳቸው የጠረጴዛ ልብሴን ጠርዝ ሲዳስሱ ቆይተው የተተረተረበትን ቦታ አገኙት። በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሃያ ሰባት ዓመት ሠርተዋል። የተቀጠሩት በሰፊነት ነው፤ የተቀደደ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ የሐኪም ጋዋን ይሰፉ ነበር። ሁልጊዜ ኮሌታቸው ላይ መርፌ ሰክተው ስለሚሄዱ ነርሶቹ «እትዬ መርፌ» አሏቸው፤ ውሎ አድሮ ሌላ ስም እንዳላቸው የሚያስታውስ ጠፋ።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት ግን የሰፊነት መደቡ ታጠፈ። የስፌት መኪናው፣ መርፌው፣ ክሩ፣ ሁሉም ተሰብስቦ ተወሰደ። እትዬ መርፌን ወደ ማጣጠፍ አዛወሯቸው። ለተቀደደ አንሶላ ደግሞ አዲስ ደንብ ወጣለት፤ ቅርጫት ውስጥ ይጣል፣ ተቆራርጦም የወለል መወልወያ ይሁን ተባለ።

«እስቲ አስበው» አሉኝ። «ደህና አንሶላ፣ ጣት በማታስገባ ቀዳዳ ምክንያት መሬት ሊወለወልበት!»

አልቻሉም። በየዓርቡ ከቅርጫቱ ሦስት አራቱን አንስተው ቤታቸው ይወስዳሉ፤ ቅዳሜና እሑድ ይሰፋሉ፤ ሰኞ ጠዋት አምጥተው ከታጠበው ክምር መሃል ይከታሉ። የዚያን ጊዜው የክፍሉ ኃላፊ ያውቅ ነበር። አንሶላ አጣጥፈው ወደ ቦርሳቸው ሲከቱ ባየ ቁጥር ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፤ ፈቃዱ ያ ነበር። የተጻፈ ነገር የለም፣ ፊርማ የለም። ሰውየው ባለፈው ዓመት ሞተ፤ ምስክርነቱንም ይዞት ሄደ።

ከዚያ አዲስ የንብረት ኃላፊ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሸሚዙ የማይጨማደድ፣ ደንብ የሚወድ ሰው ነው። ከሆስፒታሉ ዕቃ ይወጣል የሚል ወሬ ሲሰማ በመውጫው በር የሠራተኛ ቦርሳ ሁሉ እንዲፈተሽ አዘዘ። ትእዛዙ በወጣ በመጀመሪያው ዓርብ እትዬ መርፌ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው በሩ ላይ ደረሱ።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ቦርሳ ፈትሹ ተብለናል» አለ ዘበኛው። አሥራ አምስት ዓመት ያውቃቸዋል።

«ክፈተዋ ልጄ። አንሶላ ነው።»

ዘበኛው ቀልድ መስሎት ሳቀ። ሲከፍተው አንሶላ ነበር፤ አራት። የንብረት ኃላፊው እዚያው ከጎኑ ስለነበረ ነገሩን የሚውጥበት መንገድ አልነበረም። ፖሊስ ተጠራ። እትዬ መርፌ ቃላቸውን ሰጥተው በዋስ ወጡ፤ ከሥራ ታገዱ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላም ክሱ መጣ።

ክሱ ቀላል አልነበረም። በሕጋችን ተራ ስርቆት እስከ ሦስት ዓመት ያሳስራል፤ ለመጀመሪያ ጥፋት ዳኛው ቅጣቱን ሊገድበው፣ ማለት ሰውየው ሳይታሰር ጠባዩ እየታየ ቤቱ እንዲሆን ሊያደርግ ይችላል። ሠራተኛ የሆነ ሰው በእጁ ያለውን የሕዝብ ንብረት ሲሰርቅ ግን ከባድ ስርቆት ይባላል፤ ከሁለት እስከ ሰባት ዓመት ነው፣ ገደብም የለውም። ዐቃቤ ሕጉ የጻፈው ይህን ሁለተኛውን ነበር።

ይህን ሁሉ ሳስረዳቸው ሥራ እንደሚለምድ ሰው ጎንበስ ብለው ሰሙኝ። ስርቆት እንዲባል አራት ነገር መሟላት አለበት አልኳቸው። ዕቃው መወሰድ አለበት፤ የሌላ ሰው መሆን አለበት፤ ባለቤቱ ሳይፈቅድ መሆን አለበት፤ የወሰደውም ሰው የራሱ ሊያደርገው አስቦ መሆን አለበት። ከአራቱ አንዱ ከወደቀ ስርቆት የለም።

«ሌላስ ምን ዓይነት ስርቆት አለ?» አሉኝ፣ ስለ ክር ዓይነት የሚጠይቁ ይመስል።

በር ሰብሮ መግባት አለ፣ በጉልበት መቀማት አለ እያልኩ ዘረዘርኩላቸው። «በቤተሰብ መሃል ደግሞ ለየት ይላል። ልጅ ከእናቷ፣ ባል ከሚስቱ ቢወስድ፣ ባለቤቱ ራሱ አቤት ካላለ በቀር መንግሥት አይከስም።»

ሳቁ። ፊታቸው በአንዴ ሃያ ዓመት ወረደለት። «ተመስገን! ልጄ ትንሽ ሆና ስኳሬን ስትሰርቀኝ ነው ያደገችው። ይሄን ጊዜ ዕድሜ ልክ ተፈርዶባት ነበር!»

ልጃቸው አንዲት ናት። እዚያው ሆስፒታል፣ የቀዶ ጥገና ሕሙማን የሚተኙበት ክፍል፣ ነርስ ሆና ከተቀጠረች ሁለት ዓመቷ ነበር። ሁለቱም አንድ ቤት ነው የሚኖሩት። ስለሷ ሲያነሡ ሳቃቸው እንደመጣ ጠፋና እጃቸው ወደ ጠረጴዛ ልብሴ ተመለሰ።

እኔ በበኩሌ ክሱን በልቤ ጨርሼዋለሁ። አንሶላዎቹ የተነሡት ከመጣያ ቅርጫት ነው። ሆስፒታሉ በገዛ ደንቡ ጥሏቸዋል። የተጣለ ዕቃ ደግሞ ባለቤት የለውም፤ ባለቤት ከሌለው ሁለተኛው ነገር ወደቀ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ማምለጫ በዓመት አንድ ጊዜ ነው የሚገኘው፤ እጄን እያፋተግሁ ነገርኳቸው።

«ችሎት ቀርበው አንድ ነገር ብቻ ይበሉ። ቆሻሻ መስሎኝ ነው ያነሣሁት ይበሉ፣ አለቀ።»

«አልልም።»

«ለምን?»

«ቆሻሻ አይደሉማ።»

«እትዬ፣ እኔም አውቃለሁ። ለችሎቱ ነው እንጂ...»

«ልጄ፣ ቆሻሻ ከነበሩ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቆሻሻ ከበሽተኛ ጀርባ ሥር ሳነጥፍ ኖሬያለሁ ማለት ነው። ይሄንን ከምል እስር ቤት ገብቼ የእስረኛውን አንሶላ እሰፋለሁ።»

ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ የሰባት ዓመቱን ነገር ደጋግሜ አነሣሁ። በእርጋታ አዳምጠው ሲያበቁ፣ የጠረጴዛ ልብሱን ትርትር አሁኑኑ ካላሰፋሁት እስከ መሃል እንደሚሄድ መክረውኝ ወጡ።

በሳምንቱ ዐቃቤ ሕጉን ፍርድ ቤት ኮሪደር ላይ አገኘሁት። ሰላምተኛ ወጣት ነው። «ጥፋተኛ ነኝ ካሉ ወደ ተራ ስርቆት ዝቅ አደርግላቸዋለሁ፤ ዕድሜያቸውም ታይቶ በገደብ ቤታቸው ይገባሉ» አለኝ። ለደንበኛዬ ማስተላለፍ ግዴታዬ ስለሆነ ነገርኳቸው። መልሳቸው አጭር ነበር። «ሰርቄያለሁ ብዬ ከወጣሁማ ልጄ በየት በኩል አልፋ ሥራ ትገባለች?»

ልጅቷ ግን እንዲያ አላሰበችም። በማግሥቱ ቢሮዬ መጣች። ከአዳር ሥራ ወጥታ ነው፤ ዐይኗ ቀልቷል፣ ነጭ ጫማዋን አላወለቀችም።

«እባክዎ ያሳምኑልኝ» አለች። «ጥፋተኛ ነኝ ትበልና ይለቅላት።»

«ታምኛለሽ? ሰርቀዋል ብለሽ?»

«ባለፈው ሳምንት ክፍላችን ውስጥ መቀስ ጠፋ» አለች። «ማንም ምንም አላለኝም፤ ሁሉም ግን አንድ ጊዜ አየት አደረጉኝ። መቀሱ ከጋሪው ሥር ተገኘ። ማንም ይቅርታ አላለኝም፤ ምን ብለው ይቅርታ ይሉኛል፣ አልተናገሩ!»

«እሱ አይደለም የጠየቅኩሽ።»

«ስትሰፋ አይቻታለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስትሰፋ ነው የማያት። ግን ሁለት ዓመት በቀን ሃያ አልጋ አነጥፋለሁ፤ አንድ የተሰፋ አንሶላ በእጄ አልገባም። አንድም! እንግዲህ የት ሄደ? ሰኞ ሰኞ ይዛ የምትወጣውን ቦርሳ ይዛ ወዴት እንደምትሄድ እኔ በምን ልወቅ?» እንባዋ መጣባት፣ በመዳፏ ጠረገችው። «እናቴን እንዲህ ብዬ ማሰቤ ራሱ አቃጥሎኛል። ከተከሰሰች ወዲህ በቅጡ አላናገርኳትም።»

ወጥታ ስትሄድ ከወንበሬ አልተነሣሁም። ዳኛዋም የምትጠይቀው ይህንኑ ጥያቄ ነው። የራሳቸው ሊያደርጓቸው አላሰቡም፣ ይመልሷቸው ነበር እላለሁ፤ ታዲያ የተመለሱት የታሉ?

መልሱን ፍለጋ ቅዳሜ ጠዋት ቤታቸው ሄድኩ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለች፣ ሁለት ክፍል ቤት ናት። አንድ ሰፊ መስኮት አላት፤ ከመስኮቱ ሥር ወንበር፣ ከወንበሩ አጠገብ የክር ሣጥን። ልጅቷ ሥራ ላይ ነበረች። እትዬ መርፌ የራሳቸውን አሮጌ አንሶላ ቀደው እንዴት እንደሚሰፉት አሳዩኝ። ክሩን መጀመሪያ በሻማ ጉርድ ላይ ሁለት ጊዜ ያሳልፉታል፤ ሰም ሲጠጣ አይተበተብም፣ ውሃም ቶሎ አይጎዳውም። ከዚያ ቀዳዳውን ከዳር እስከ ዳር ክር በክር እየሰካኩ ይሞሉታል፤ አንድ ከላይ፣ አንድ ከሥር። ቋጠሮ የለም። ጨርሰው ሰጡኝ። ዳሰስኩት፣ ገለበጥኩት፣ መነጽሬን አውልቄ አየሁት። የቀደዱበትን ቦታ አጣሁት።

«የት ነው?»

«ካገኘኸውማ መጥፎ ስፌት ነው» አሉኝ።

ከዚያ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። ባላቸው እዚያው ሆስፒታል አራት ወር ተኝቶ ነበር። የገደለው ሌላ በሽታ ነው፤ ጀርባው ላይ ቁስል ከፍቶ እስከ መጨረሻው እንቅልፍ የነሣው ግን አንድ ጠንካራ፣ ቋጠሮ ያለው የአንሶላ ስፌት ነበር። «ያን ጊዜም የሆስፒታሉ ሰፊ እኔ ነኝ» አሉ። «በእጄ ያለፈ ይሁን አይሁን እስካሁን አላውቅም። ከዚያ ወዲያ ነው እጄን እንደገና ያስተማርኩት። የተኛ ሰው ጀርባ ያላገኘው ስፌት፣ እሱ ነው ስፌት።»

አንጀቴን በሉት። ግን ጠበቃ ነኝና ወዲያው ንዴቴ መጣ። «እትዬ፣ ገባዎት? እርስዎን እስር ቤት የሚያስገባዎ ጎበዝነትዎ ነው! ትንሽ አበላሽተው ቢሰፉት ኖሮ ይሄን ጊዜ ሺ ምስክር ነበረን።»

አንሶላውን ከእጄ ወሰዱና መስኮቱ ላይ ዘረጉት። የጠዋት ፀሐይ ከኋላው መጣ። በአንሶላው መሃል፣ የጥፍር ያህል ቦታ ላይ፣ ጨርቁ ትንሽ ጠቆር ብሎ፣ ክሮቹ ጥግግት ብለው ታዩ። «ጨርሼ ስፌቴን የማየው እንዲህ ነው» አሉ። «አልጋ ላይ እያለ ማን አንሥቶ በመስኮት ያየዋል?»

ዐይኔ በራ። ከደረጃው ሳልወርድ ለልጅቷ ስልክ ደወልኩ። «የክፍልሽን አንሶላ አንድ በአንድ በመስኮት ብርሃን ያዢው» አልኳት፣ ሌላ ነገር አልጨመርኩም። «እሺ» እንኳ ሳትል ስልኩን ዘጋችው። ከዚያ በኋላም ድምፅዋ ጠፋ።

ማስረጃው ችሎት መቅረብ ነበረበት። አንሶላዎቹን ራሳችን እንዳናመጣ፣ የሆስፒታል አንሶላ ከበር ማውጣት የተከሰስንበት ወንጀል ነው። ስለዚህ ፍርድ ቤቱ እንዲያስመጣ አመለከትኩ። ዐቃቤ ሕጉ ጊዜ ማባከን ነው ብሎ ተቃወመ፤ ዳኛዋ ፈቀደች። የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ራሱ ሄዶ ከአምስት ክፍሎች ስድስት ስድስት፣ በጠቅላላው ሠላሳ አንሶላ፣ ሳይመርጥ አንሥቶ በማዳበሪያ ከረጢት አሽጎ አመጣ። ከመስኮቱ ጠዋት እስከ ችሎቱ ቀን ድረስ ሰባት ሳምንት አልፎ ነበር።

የችሎቱ ቀን ብርሃን ያለው ቀን ነበር። ያንን ከማንም በላይ እኔ አየሁት፤ ጠዋት ስነቃ መጀመሪያ ያደረግኩት ሰማዩን ማየት ነው። ዘበኛው መሰከረ። «ደብቀው ነበር?» ስለው «ኧረ አንሶላ ነው ብለውኛል፣ እኔ ነኝ ያላመንኳቸው» አለ። ቀጥሎ የንብረት ኃላፊው ቀረበ።

«ሆስፒታላችሁ ልብስ ሰፊ አለው?» አልኩት።

«የለም። መደቡ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ታጥፏል።»

«መርፌና ክርስ ለልብስ ማጠቢያ ክፍል ይሰጣል?»

«አይሰጥም።»

«አንሶላ ሲቀደድስ?»

«ይወገዳል። በእኛ ሆስፒታል የተሰፋ አንሶላ የለም» አለ፣ በኩራት።

ከዚያ ከረጢቱ ተፈታ። የችሎቱ መስኮት ከፍ ያለ ስለሆነ ጸሐፊው አንዱን ጫፍ፣ ለሌላ ጉዳይ እስረኛ ይዞ የመጣ ፖሊስ ሌላውን ጫፍ ያዙ። እስረኛው ራሱ አንገቱን አስግጎ ያያል። ዳኛዋ ከመቀመጫዋ ወርዳ መስኮቱ አጠገብ ቆመች። አንደኛው ንጹሕ፣ ሁለተኛው ንጹሕ። በሦስተኛው ላይ ከጠርዙ ወደ ውስጥ አንድ ጠቆር ያለ ቦታ ታየ። በአምስተኛው ላይ ሁለት። ሠላሳው ሲያልቅ በአሥራ አንዱ ላይ ስፌት ተገኝቷል። የንብረት ኃላፊው አፉን በእጁ ያዘ።

«ተከሳሽ ይቅረቡ» አለች ዳኛዋ። «የእርስዎ የሆኑትን ይለዩልን።»

እትዬ መርፌ ክምሩ ፊት ቆሙና ዐይናቸውን ጨፈኑ። ጣታቸው ብቻ ነው የሄደው። የጨርቅ ኮሽታ ብቻ ይሰማል። ዳኛዋ በብርሃን ያላየቻቸውን አምስት ሌሎች አገኙ፤ በመስኮት ሲያዙ እውነትም ነበሩ። አሥራ ስድስት ሆኑ። እኔ በውስጤ የመጨረሻ ንግግሬን እያሳመርኩ ሳለ፣ ከአሥራ ስድስቱ ሦስቱን ለይተው ወደ ጎን አስቀመጡ።

«እነዚህ ሦስቱ የኔ አይደሉም» አሉ።

ዐቃቤ ሕጉ ከመቀመጫው ተስፈንጥሮ ተነሣ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ እንግዲህ ሆስፒታሉ ውስጥ ሌላ የሚሰፋ ሰው አለ ማለት ነው! የቀሩትም የተከሳሿ ስለመሆናቸው ምን ማረጋገጫ አለ?» ትክክል ነበር፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ይህንኑ እል ነበር። ለእትዬ መርፌ በዐይኔ ምልክት ሰጠሁ፣ በእግሬ ወለሉን መታሁ። ጆሮ ዳባ ልበስ።

«የእርስዎ አለመሆናቸውን በምን አወቁ?» አለች ዳኛዋ።

«የኔ ስፌት ቋጠሮ የለውም። እዚህ ላይ ግን እያንዳንዷ ለብቻዋ ታስራ ለብቻዋ ተቆርጣለች። ልብስ ሰፊ እንዲህ አይሰፋም። ቁስል የሚሰፋ ሰው ነው።» እንደገና ዳሰሱት። አሁን ዐይናቸውን ገልጠዋል፤ ድምፃቸውም ቀነሰ። «ክሩ ግን የኔ ነው። ሰም ጠጥቷል። ከቤቴ፣ ከሣጥኔ የወጣ ነው።»

«ማን ነው የወሰደብዎ?» አለ ዐቃቤ ሕጉ።

እትዬ መርፌ ቀና አሉ። ያዩት እሱን አልነበረም፤ የኋለኛውን ወንበር ነበር። እኔም ዞርኩ። በሩ ሥር፣ ነጭ ጫማ ያደረገች ልጅ ተቀምጣለች።

«የሥጋ ዘመድ የወሰደ እንደሆነ፣ ባለቤቱ አቤት ካላለ አይከሰስም ብሎኛል ጠበቃዬ» አሉ። «እኔ አቤቱታ የለኝም።»

ችሎቱ ሳቀ። ዳኛዋ ራሷ ወረቀት አንሥታ ፊቷን ሸፈነች። ሳቁ ሳያልቅ ልጅቷ ቆመች። «እኔ ነኝ» አለች።

ቃለ መሐላ ፈጽማ መሰከረች። ስልክ በተደወለላት ቀን የክፍሏን አንሶላ ሁሉ በመስኮት ይዛዋለች፤ ከሠላሳ ስምንቱ አሥራ ሰባቱ የእናቷ ሆኖ አገኘችው። «ሁለት ዓመት በእጄ ሳነጥፈው የኖርኩት ነው» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ እናቷ ከሥራ ስለታገዱ፣ የሚቀደደውን ወደ ቅርጫቱ እንዳይሄድ በእረፍት ሰዓቷ እዚያው ክፍሉ ውስጥ ትሰፋ ነበር። የምታውቀው ስፌት አንድ ብቻ ነው፤ የቁስሉን። ክሩን ከእናቷ ሣጥን ወስዳለች፤ ሰም የጠጣውን ጥቅል። ለእናቷ አልነገረቻቸውም። «ምን ብዬ ልንገራት? ሳላምንሽ ቆየሁ ብዬ?» አለችና ቀጣዩን ሳትጨርስ ተቀመጠች።

ዐቃቤ ሕጉ መስቀለኛ ጥያቄ እንዳለው ተጠየቀ። ብዕሩን ከደነና «የለኝም» አለ። ደግ ልጅ ነው የምለው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

ዳኛዋ ከሰዓት በኋላ ፍርዱን አነበበች። አራቱ አንሶላዎች መወሰዳቸው ተረጋግጧል፤ የሆስፒታሉ ንብረት ናቸው፤ የጽሑፍ ፈቃድም የለም። ነገር ግን ተከሳሿ የራሳቸው ሊያደርጓቸው ማሰባቸውን ዐቃቤ ሕግ አላስረዳም፤ እንዲያውም ሲወስዱ እንደማይደብቁና ሰፍተው እንደሚመልሱ ታይቷል። ሦስቱ አንሶላዎች ያለ አንዳች ጥቅም የእሳቸው ስፌት እንዳልሆኑ የተናገሩ ሰው፣ በሌሎቹ ላይ ይዋሻሉ ብሎ ፍርድ ቤቱ አያምንም። በነጻ ይሰናበቱ። ለመጨረሻ ንግግሬ ያሳመርኩት ሁሉ ኪሴ ውስጥ ቀረ።

ኤግዚቢት የነበሩት አራቱ አንሶላዎች ለሆስፒታሉ እንዲመለሱ ስለታዘዘ የንብረት ኃላፊው ታቅፏቸው ኮሪደሩ ላይ ወጣ። እትዬ መርፌ ፊት ሲደርስ ቆመ። ሸሚዙ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጨማድዷል። «በደንቡ መሠረት ወደ መወልወያ ነው የሚሄዱት» አለ፤ ግን አልሄደም። ቆሞ አየኝ። ከቦርሳዬ ወረቀት አወጣሁና ግድግዳው ላይ አስደግፌ «አራት አንሶላ ለስፌት ወጥቷል» ብዬ ጻፍኩለት። ፈረመበት፤ አንሶላዎቹንም ከወረቀቱ ጋር ሰጣቸው። በዚያ ክስ ውስጥ ከጻፍኩት ሁሉ የረባው ያ ብቻ ነው።

ልጅቷ ከሦስት እርምጃ ራቅ ብላ ቆማለች። እናትየው አንሶላዎቹን አስታቀፉኝና ሄደው እጇን ያዙ። አመልካች ጣቷን አገላብጠው አዩት፤ በመርፌ ተወጋግቷል።

«ክሩን አጥብቀሽ ነው የምትጎትቺው» አሏት። «ቋጠሮሽም ጀርባ ይወጋል።»

«አውቃለሁ እማ» አለች። እያለቀሰች ነበር። «ሌላ አልችልም።»

«ነገ ሥራ አለሽ?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው ጠዋት በመስኮቱ በኩል አሳይሻለሁ» አሉና፣ ጣቷን ሳይለቁ፣ እኔን ከነአንሶላዎቹ አስከትለው፣ ደረጃውን ይዘዋት ወረዱ።